በገመድ ተጎትታ አትወጣም

ጎንደር
እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን አወቀ
ፑኔ፣ ህንድ

የኔ ሸጋ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ጾሙ ይጋመስ ይሆናል። ዛሬ ግን የቅበላ እሑድ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በላንና አባትሽ ጋደም አለ። እኔም የስፌት ማኪናዬን ወደ ውስጥ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። የጎረቤታችን የይመኙሽ ልጅ እፀገነት ነገ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፤ ከዚያ ደግሞ እናንተው ዘንድ ለትምህርት ትመጣለች። ደብዳቤ አደርሳለሁ ስትለኝ ደስ አለኝ። በስልክ ስናወራ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ባይቆራረጥም አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ «ምን አለች? ምን አለች?» ሲል የልቤን ሳልነግርሽ እዘጋዋለሁ።

ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ከመነጽሬ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እሱንም የተቀመጥሁበት እኔው ነኝ። አባትሽም ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሰቀል ነው።

ያባትሽን ማኪና ሸጥናት።

ምነው ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ነዳጁ ሰልፍ ነው። መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ቆማ የምትውል ማኪና ደግሞ ትበሰብሳለች። አባትሽም መሪ መያዝ ሰልችቶታል። «ዕድሜዬን ሁሉ መንገድ ሳይ ኖርሁ፣ አሁን ደግሞ ቤቴን ልይ» ይላል። ሸጋ አነጋገር አይደለም? ይኸው ነው ምክንያቱ።

እንደምታለቅሺ አውቃለሁ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ጣውንቴ እያልሁ ስሰድባት የኖርሁት እኔ። አንቺማ አድገሽባታል። በሹፌሩና በረዳቱ ወንበር መካከል ያለችው ከፍ ያለች ቦታ፣ ሞተሩ ከሥሯ የሚነደው፣ ያንቺ ነበረች። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባትሽ ወደ ደባርቅ ይዞሽ ይወጣል። ብርዱ ሲጠና ተሳፋሪው ሁሉ ሞተር ላይ አስቀምጠኝ እያለ ይለምነዋል፤ እሱ «ባለቤት አላት» ይላል። አንቺ በሌለሽበት ቀን እንኳ ሌላ ሰው አያስቀምጥባትም ነበር፤ የዳቦ ከረጢቱን ያስቀምጥባትና ይነዳል። ኮሶዬ ስትደርሱ እንቅልፍ ይወስድሻል። ማታ ሲያመጣሽ ጉንጭሽ በሞተሩ ሙቀት ቀልቶ፣ ቀሚስሽ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ ተሸክሞ ያስረክበኛል። እኔ በናፍጣው ሽታ እቆጣለሁ። አሁን ያንን ቀሚስ ባገኘው ሳላጥብ አስቀምጠው ነበር።

የኔና ያባትሽም ነገር ሞተር ላይ የጀመረ መሆኑን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። እሱ ያኔ የሰው ማኪና ነበር የሚነዳ። እኔ ዳባት ስፌት ተምሬ፣ አክስቴ ይህችኑ የስፌት ማኪና ሰጥታኝ፣ ጎንደር ልሠራ መውረዴ ነበር። ዝናብ ይጥላል። ረዳቱ እንደ ማንኛውም ዕቃ ጣራ ላይ ሊጭናት ሲያነሣ አባትሽ በዝናቡ ወረደና «ይህ ዕቃ አይደለም፣ ማኪና ነው። ማኪናን ማኪና ይሸከመዋል» ብሎ ሞተር ላይ አስቀመጣት። ኮቱን አውልቆም አለበሳት። እስከ ጎንደር ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዘመዶቼ በር ድረስ ተሸክሞ አደረሰልኝና፣ ኮቱን እያሳየኝ እጅጌው ተተርትሯልና ትሰፊልኛለሽ ወይ አለኝ። ሰፋሁለት። ሊወስድ ሲመጣ ስሜን ጠየቀኝ፤ እጅጋየሁ አልሁት። «በል እንግዲህ፣ እጅጌዬን የሰፋች እጅጌ» አለ ለራሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጅጌ ነው የሚለኝ።

ከዚያማ በአንድ ቤት ሁለት ማኪና ሆነ፤ የኔዋ መስኮት ሥር፣ የሱዋ ግቢ ውስጥ። ይህችን ነጯን ሚኒባስ ሲገዛት አንቺ ገና ድክ ድክ ትዪ ነበር። እሑድ እሑድ ከሥሯ ገብቶ ይውላል። ምሳ ደረሰ ብዬ ስወጣ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ስንቱን የቤት ጉዳይ የተማከርሁት ከእግሩ ጋር መሰለሽ። የልደትሽ ቀን ድግስ፣ የጣራው ክዳን፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ መግባትሽ፣ ሁሉም ለእግሩ ነው የተነገረ። ሲስማማ አውራ ጣቱን ያነቃንቃል።

ገዢው ሰውአገኝ የሚባል የእንፍራንዝ ሹፌር ነው። ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጥቶ አያት፣ ተስማሙ፣ ቅዳሜ ሊወስዳት ተቀጣጠሩ። ረቡዕ ዕለት አባትሽ ላሙቃት ብሎ ቢያስነሣት፣ ከመሪው ኋላ ያለችው የባትሪ ምልክት ያላት ቀይ መብራት አልጠፋ አለች። በማግስቱ ጭራሽ አልነሣም አለች። ዲናሞው ሞቷል አለኝ። ዲናሞ ማለት ሞተሩ ሲዞር አብሮ እየዞረ ባትሪውን የሚሞላው ብረት ነው፤ እኔም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ሰውአገኝ በስልክ ሲሰማ ምንም አይደለም፣ ሌላ ማኪና ይዤ መጥቼ በገመድ እጎትታታለሁ፣ እንፍራንዝ ይሠራታል አለ። ቅን ሐሳብ ነበር። አባትሽ ግን ስልኩን ከዘጋ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«በገመድ ተጎትታ አትወጣም። በራሷ ነው የገባች፣ በራሷ ትወጣለች።»

የሚያምነው መካኒክ አስማረ ለለቅሶ መካነ ብርሃን ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ነበር። ሌላ ሰው እንጥራ ስለው፣ ከኔና ከአስማረ በቀር ከፍቷት የሚያውቅ የለም አለና እንቢ አለ። ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ዲናሞ አልጋ ሥር ነበር። ካንቺ የተማሪ ልብስ በተረፈው ሰማያዊ ጨርቅ ከረጢት ሰፍቼለት ነበር። ያንን ጎትቶ አወጣና ዓርብ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሰሌን ዘረጋ።

ቦታው እንዲህ ያለ መሆኑን ማን ያውቃል። ዲናሞው ከሞተሩ ጎን፣ ወደ ታች፣ ጥግ ላይ ነው የተወሸቀ። የረዳቱን ወንበር አንሥተሽ ከላይ ብትሞክሪ እጅ ይደርሳል፣ ዓይን አይደርስም። ከሥር ብትገቢ ዓይን ይደርሳል፣ እጅ አይደርስም። የሠራው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

እኔ ለትንሣኤ የታዘዘ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ከውጭ የመፍቻ ቁልፉ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ሲጮህ ሰማሁ። እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ። «ዘይት ነክቶት ነው፣ ያሙለጨልጫል» አለኝ ከወዲያ። ስፌቴን ቀጠልሁ። ደግሞ ወደቀ። ደግሞ። በየጊዜው እግሬ ይቆማል፣ መርፌዬ ይቆማል። ከዚያ መውደቁም ቀረ።

በመስኮት ባይ፣ ከፊት ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ቀኝ እጁን በግራ እጁ ይዞ፣ የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ ያየዋል። ደክሞት ነው። ብርድም ነበር፤ የየካቲትን ጠዋት ታውቂው የለ።

ወጣሁና አጠገቡ ቆምሁ። ቀና አላለም። አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልሞክረው አልሁት።

«አንቺ? ጣውንትሽን?»

«መሄዷ አይደል? ልሸኛት እንጂ።»

ትንሽ አሰበና «እጅሽ ይቆሽሻል» አለኝ። ይታጠባል አልሁት። የቀሚሴን እጅጌ ወደ ላይ ስጠቀልል እያየ ፈገግ አለ፤ ምን እንዳሰበ አውቄያለሁ።

በመጀመሪያ የባትሪውን ጥቁር ሽቦ ፍቺ፣ አለዚያ ትነድፍሻለች አለኝ። ፈታሁ። ወንበሩን አነሣሁ፣ ክዳኑን ከፈትሁ፣ ከዚያ ያንቺ ቦታ ላይ በሆዴ ተኝቼ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ ከተትሁ። ጉንጬ ወለሉ ላይ ነው። የማየው ነገር ቢኖር የወንበር እግርና አንድ የወደቀ የፀጉር ሽቦ ነው። ያንቺ ይሁን የተሳፋሪ እንጃ፤ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

አባትሽ ከደጅ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ዓይኑን ጨፈነ። እውነቴን ነው፣ ጨፈነ። ከዚያ መናገር ጀመረ። ወደ ግራ፣ ቀስ በይ። አሁን ጠፍጣፋ ነገር ትነኪያለሽ፣ እሱ አይደለም፣ እለፊው። ከሱ ዝቅ ስትዪ ሻካራ ነው። አዎ፣ እዚያው ቁሚ። ሌባ ጣትሽን ብቻ ወደ ኋላ ላኪ፣ ክብ ራስ ያለው ቡሎን ታገኛለሽ። ሁሉንም እንዳለው አገኘሁት። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። እጁ ሲያውቀው የኖረውን አሁን አፉ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም በጣቴ እሰማው ነበር። ትዳር ስንኖር ይህን ያህል አውርቶኝ አያውቅም ብልሽ አልዋሸሁም።

ቺንጋው፣ ማለት ከሞተሩ ወደ ዲናሞው የሚዞረው ቀበቶ፣ አልፈታ ሲለኝ «ያንቺ ማኪና ቀበቶ ሲጠብቅብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። መዘውሯን ጠጋ አደርጋታለሁ አልሁ። «ይህም ያው ነው። ላዩን አላልተሽ ዲናሞውን ወደ ሞተሩ ግፊው።» ገፋሁት፤ ቀበቶው ረግቦ ወጣ። እንዲህ ቀላል ነገር ሆኖ ነው እሑዴን ሁሉ ሲወስድብኝ የኖረ?

ቀላል ግን አልነበረም፤ የታችኛው ረጅሙ ቡሎን ቀረ። ዝጓል። ቁልፉ ያመልጠኛል፣ የጣቴ ጉልጥምት ብረቱን ይመታል፣ ቆዳዬ ተላጠ። ተናደድሁ። ለማኪናዋ የማላወጣው ስድብ አልነበረም። ሃያ ዓመት ባሌን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ እጄን ትወስጃለሽ ወይ አልኋት። አባትሽ ይህን ሲሰማ ሳቀ፣ ልጄ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ይህ ሳቅ ከቤታችን ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ከዚያ የአሮጌ ቧንቧ ቁራጭ አምጥቶ ቁልፉ ላይ ሰክቼ እንድገፋ አሳየኝ። በሁለት እጄ ተጫንሁት። ጧ ብሎ ለቀቀ።

አሮጌው ዲናሞ የሚወጣ በሥር ነው። ስለዚህ ሰሌኑ ላይ ተንጋልዬ ገባሁ፤ እግሬ ብቻ ውጭ ቀረ። አባትሽ እግሬ ሥር ተቀመጠና «እንግዲህ እኔም ከእግርሽ ጋር ልጫወት» አለ። ይመኙሽ ወንፊት ልትዋስ በዚያ ሰዓት ገብታ፣ ከማኪና ሥር የወጣውን የኔን ቀሚስ ስታይ አማተበች። ምን ሆና ነው ብትለው፣ ሥራ ላይ ናት ብሎ መለሰላት። ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች። እስካሁን ሰፈሩ ሁሉ አውርቶት ይሆናል።

አዲሱን ማስገባት ከሁሉም ይከፋ ነበር። ክብደቱ የትየለሌ ነው። አንዱ ከሥር ተሸክሞ ቀዳዳውን ከቀዳዳ ማጋጠም አለበት፣ ሌላው ከላይ ቡሎኑን ማስገባት። አባትሽ እኔ እሸከማለሁ አለ። ፈራሁ፤ ግን አልነገርሁትም። ሰሌኑ ላይ ተንጋለለ፣ ዲናሞውን ደረቱ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ በሁለት መዳፉ ወደ ላይ ገፋው። ያዘው። ከባድ ነገር ሲይዝ ሸጋ ነው፤ ቀላሉ ነገር ነው የሚያስቸግረው።

እኔ ከላይ በጨለማው ውስጥ በጣቴ ቀዳዳውን ፈለግሁ። መነጽሬ ከተሰበረ ወዲህ የመርፌ ቀዳዳ አይታየኝም፤ ክሩን የማስገባው በዳበሳ ነው። እንደዚያው አደረግሁ። የቡሎኑን ጫፍ ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋ ጣቴ ጣቱን አገኘው። እዚያ ዓይን በማይደርስበት ቦታ። ያዝሁት፣ ያዘኝ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

«ገባልሽ?» አለኝ ከሥር።

«ቆይ፣ ገና ነው» አልሁት። ገብቶ ነበር።

ከዚያ ቺንጋውን መለስን። ዲናሞውን በብረት ወደ ውጭ ወጥሬ ላዩን አጠበቅሁ። ቀበቶውን በአውራ ጣትሽ ተጫኝው፣ ጥቂት ብቻ እሺ ካለሽ በቂ ነው አለኝ፤ እሺ አለኝ። ሽቦዎቹን ሰካሁ። ባትሪውን ይመኙሽ ቤት ስናስሞላው ቆይተን ነበርና መልሰን አሰርነው። ተነሣ፣ አስነሣት አልሁት። ቁልፉን ወደኔ ዘረጋው። በዕድሜዬ ያን ቁልፍ አዙሬ አላውቅም። የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ በስመ አብ ብዬ አዞርሁ። አጓራች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሣች። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች።

«ጠፋች?» አለኝ ከደጅ።

«ጠፋች።»

ጥቁር ዘይት እንደሆንን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ድምፅዋን ሰማን። ከዚያ ውኃ አሙቄ የሁለታችንንም እጅ አጠብሁ።

ቅዳሜ ሰውአገኝ መጣ። የሆነውን አባትሽ ነገረው፤ እኔን እያሳየ ዲናሞውን የለወጠች እሷ ናት አለው። ሰውዬው አልሳቀም። ከፍቶ አየና፣ እትዬ እጅጋየሁ፣ እጅዎ ይባረክ አለኝ። ከዚያ ወደ አባትሽ ዞሮ እንዲህ አለ፦

«አያ አወቀ፣ ዳገት ላይ ልሞክራት ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ብለውኛል፤ ኮሶዬ ድረስ አብረን ደርሰን እንመለስ። ጠባይዋን እየነገሩኝ።»

ጠባይዋን ለማወቅ ኮሶዬ መውጣት እንደማያስፈልገው አውቃለሁ። አባትሽም ያውቃል። እግዚአብሔር ያክብረው።

አባትሽ የረዳቱን ወንበር ለኔ ለቀቀና ያንቺ ቦታ ላይ፣ ሞተር ላይ ተቀመጠ። ነጠላውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እጁን ከፊቱ የሞተሩ ክዳን ላይ ዘርግቶ። ከከተማ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር እያንዳንዱን መታጠፊያ ለሰውአገኝ ይነግረው ነበር። እዚህ ጋ ማርሽ ቀንስ፣ እዚህ ጋ በግራ በኩል ውኃ አለ፣ ከዚህች ዋርካ ሥር አንዲት ሴትዮ ሁልጊዜ እንቁላል ይዛ ትቆም ነበር። ወደ ላይ ስንወጣ ብርዱ መጣ። ገብሱ ታጭዷል፤ ማሳው ባዶ ነው፣ ክምሩ ብቻ ቆሟል። አንቺ ልጅ ሳለሽ አብረን ስንወጣ ቺንጋው የተበጠሰበትን ቦታ አሳየኝ፤ መቀነቴን ፈትቶ ሊያስርበት የሞከረበትን። ለአንድ ኩርባ እንኳ አልቆየም፣ ተበጣጥሶ ቀረ። በማግስቱ አዲስ ገዛልኝ። አንቺ ያን ቀን ስትስቂ ሰው ሁሉ ካንቺ ጋር ሲስቅ ትዝ ይልሽ እንደሆነ እንጃ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው እጁ ዝም አይልም። ማኪናዋ ዳገት ስትገፋ ሁሉም ነገር ይርገበገባል። የሰውአገኝ እጅ ማርሹ ላይ ይርገበገባል፣ የኔም ጉልበቴ ላይ፣ ያባትሽም ክዳኑ ላይ። እያየሁት ነበር። የሁላችንም እጅ አንድ ዓይነት ነበር። እሱም ይህን ያየ መሰለኝ፤ እጁን አልደበቀውም። እስከ ኮሶዬ ድረስ እንደዘረጋው ነው የደረሰ።

ኮሶዬ ጥብስ በላን፤ ከነገ ወዲያ ጾም ነው ብለን አጥብቀን በላን። እኔ ለአባትሽ እየጠቀለልሁ አጎረስሁት። የምግብ ቤቱ ባለቤት አይታ ገና ሙሽሮች ናችሁ እንዴ አለችን። አዎ አልናት። ከገደሉ አፋፍ ቆመን ቆላውን አየን፤ ጉም አልነበረም፣ እስከ ዳር ይታይ ነበር። አባትሽ ለብቻው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ተውሁት።

ስንመለስ ሰውአገኝ በር ላይ አወረደን። ዕቃዋን አውጥተን ጨርሰን ነበር፤ ባዶዋን ናት። አባትሽ ቁልፉን ሰጠውና በሩን ራሱ ከፈተለት። እሷም ያለ ገመድ፣ ያለ ገፊ፣ በራሷ ወጣች። እኔ ዓይኔን ጠረግሁ። እሱ ጆሮውን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ቆየ።

«ማርሽ ሲለውጥ አይቸኩልም» አለኝ በመጨረሻ። «ይይዛታል።»

አሁን ግቢው ሰፊ ነው። መስኮቴን ከልላብኝ የኖረችው እሷ ነበረችና ፀሐይ እስከ ስፌት ማኪናዬ ድረስ ይገባል። ስንት ዘመን የለመንሁት ብርሃን ነው፤ ሲመጣ ግን አልወደድሁትም።

ሌላ ወሬ ብዙም የለም። አባትሽ ጠዋት ማልዶ ይነሣል፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን አብረን ቀስ እያልን እንሄዳለን። የሸሚዞቹን ቁልፍ ሁሉ አውጥቼ ጠቅ እያለ በሚዘጋ ለውጨለታለሁ፤ ዘመናዊ ሆኗል። ሻዩንም በትልቁ ኩባያ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የምቀዳለት፤ እንዲያ ይጣፍጠኛል ይላል። ለአንቺ ራሱ ሊጽፍ ብዕር አንሥቶ ነበር፤ ብዕሩ አልጽፍ አለው። ቃሉን ልጻፍልሽ፦ «ልጄ፣ ዳገት መሀል ላይ ማርሽ አይለወጥም። በጀመርሽበት ጨርሺ። ሜዳው ላይ እንገናኛለን።» አስቦ አስቦ ነው ያለው፤ ሁለት ጊዜም አስነበበኝ።

ልጄ፣ የተማርሽው ይጥቀምሽ። የሰው አገር ሰው ይውደድሽ፣ የሰው አገር ውኃ ይስማማሽ። ወጥተሽ ስትገቢ ጠባቂሽ አይለይሽ። እኛንም ለመምጫሽ ቀን ያድርሰን፤ ሁለታችንንም።

ናፋቂ እናትሽ
እጅጋየሁ (እጅጌ)

ልጽፍልሽ ብዬ የረሳሁት፦ የምትማሪው የመድኃኒት ነገር ነውና ላስቸግርሽ። እዚህ ሰፈር አንድ ሰው እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ቀኙ ይብሳል፤ እርምጃውም አጥሯል። ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት አንድ ወር ይገኛል፣ አንድ ወር ይጠፋል። እናንተ አገር እንደ ልብ ነው ይላሉ። የሣጥኑን ክዳን ቀድጄ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፣ ስሙ ከላዩ ላይ አለ። የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። ሰውዬው ማን ነው ብለሽ ግን በስልክ እንዳትጠይቂኝ፤ ሰው እንዲያውቅበት አይወድም። ዕድሜው ያባትሽን ያህል ነው። እሱም ሩቅ አገር የምትማር ልጅ አለችው፤ ሰምታ፣ ትምህርቷን ጥላ እንዳትመጣበት ነው የሚሰጋ። ስለዚህ መድኃኒቱን ብቻ ላኪ። አንቺ ጨርሰሽ ትመጫለሽ።